አራስ መንገድ አትወጣም

ረቡዕ፣ መጋቢት 1

ጋሻው ይወስደኛል! ቅዳሜ ማለዳ፣ ጋቢና ውስጥ፣ ከነልጄ፣ እስከ ሽሬ ድረስ። ደጋግሜ አስማልኩት። «እንዴ ትብለጥ፣ የደሳለኝን ሚስት መንገድ ላይ ጥዬ ልሄድ ነው?» አለኝ ተቀይሞ። ይቀየም። ያልማለ ሹፌር አላምንም።

ጋሻው ከጎንደር ሽሬ ዱቄት የሚያመላልስ ሰው ነው። ደባርቅ ሲያድር እኛ ሰፈር ነው የሚያድረው። ደሳለኝ ሳይዘምት በፊት፣ አናጢ ሳለ፣ ጓደኛው ነበር። መልእክቱንም ያመጣልኝ እሱ ነው። እንዳልረሳው ቃል በቃል ልጻፈው፦ «ሽሬ አጠገብ ዕረፍት ላይ ነን። የጓደኞቼ ሚስቶች እየመጡ ነው። ከዚህ ወዴት እንደምንሄድ አይታወቅም። ሳንነሳ ልጄን አምጪልኝ፣ ልያት።» በቃ ይኸው ነው። ናፈቅሽኝ የለ፣ እንዴት ነሽ የለ። ቆይ አገኘዋለሁ።

ሲሄድ ሆዴ ገና አልገፋም ነበር። ልጅቱ ጥር መባቻ ላይ ተወለደች። ባድመ ተያዘ ተብሎ ከተማው ሲጨፍር እኔ አልጋ ላይ ሆኜ ይኑር ይሙት የማውቀው ነገር አልነበረም። አሁን አለ። ልጁን ማየት ይፈልጋል። መኪናም ተገኘ። ሌላ ምን ቀረ?

እማማ ይርጋለም ቀሩ። አማቴ። እናቴ በሕይወት ስለሌለች እሳቸው ናቸው ሊያርሱኝ ከመካነ ብርሃን የመጡት፤ ያን ሁሉ ገደል ግማሹን በበቅሎ፣ ግማሹን በእግር። ነገሩን ስነግራቸው አጥሚቱን እያማሰሉ ነበር። ማማሰያውን ይዘው ዞሩብኝ።

«ክርስትና ያልተነሳች ልጅ ይዘሽ በረሃ ልትወርጂ? ሰማንያዋ ሳይሞላ? አራስ መንገድ አትወጣም!»

«አባቷ ሳያያት ቢሞትስ?» አልኳቸው።

«አታሟርቺብኝ!» ብለው ጮኹ። ከዚያ በኋላ አልተነጋገርንም። አጥሚቱን ግን አመጡልኝ፤ ጠጣሁት።

ሐሙስ፣ መጋቢት 2

የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ያለ ወረቀት ኬላ አያሳልፉም ብሎኛል ጋሻው። ልጅቱን አዝዬ ወደ ወረዳ ልሄድ ስል እማማ በሩ ላይ ቆሙ።

«ብረት ሳትይዢ አትወጪም።»

«እማማ፣ እኔ አስተማሪ ነኝ እኮ።»

«አስተማሪ አራስ አትሆንም? ሰይጣን ዲፕሎማሽን አይቶ ይለፍሽ?»

ምን ይባላል! የደሳለኝን ትልቅ ምስማር ከመሣሪያ ሣጥኑ አውጥቼ ያዝኩ። ወረዳ ወረፋ ላይ ስቆም ምስማር ጨብጫለሁ። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ደጋግሞ ያየኛል። ጸሐፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። ከሰዓት ተመለሽ። ከሰዓት ተመለስኩ። ማኅተሙን የያዘው ሰው ዳባት ሄዷል። ነገ ነይ።

ልጅቱ መንገዱን ሙሉ ተኝታ፣ ቤት ስንገባ ጩኸቷን ለቀቀችው። እኔም አብሬያት ልጮህ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ዓርብ፣ መጋቢት 3

ወረቀቱን አገኘሁ!!! ከነማኅተሙ። የዳባቱ ሰውዬ ተመልሷል፤ እግዜር ይስጠው፤ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ መታልኝ።

የምይዘው፦ ለሱ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሹራብ፣ ሁለት ካልሲ። ለሷ ጨርቆች፣ ትንሿ ጋቢ። ለኔ ምንም፤ እኔ ምን አለብኝ? ደግሞም ያቺን አረንጓዴ ቀሚስ። ጡቴ ሞልቶ አልገባ ብላኛለች፤ ጎኗን ተርትሬ አሰፋኋት።

እማማ ጾም ነው ብለው ቅቤውን ከለከሉ እንጂ ዳቦ ቆሎውን የቆሉት እሳቸው ናቸው። ኩርፊያቸውን ሳይፈቱ ነው የቆሉት። «ለልጄ ነው፣ ላንቺ አይደለም» አሉ። እሺ፣ ይሁን።

ዘነበች መጣች። ጎረቤቴም ናት፣ አንድ ትምህርት ቤት ነው የምናስተምረው። ቀናሁብሽ አለችኝ። ሳቅን። ከወለድኩ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 4

እቤቴ ነኝ። ተመለስኩ። በንዴት ነው የምጽፈው።

ሊማሊሞን ወረድን። በየጠመዝማዛው ዓይኔን እየጨፈንኩ፣ ልጅቱን ደረቴ ላይ አጣብቄ ወረድኩ። ድብ ባሕር ስንደርስ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ነው። ኬላው ላይ የመኪናው ሰልፍ ቆሟል። አንድ ከኔ የሚያንስ ወታደር መጥቶ ጋቢናውን ከፈተ።

«ከዛሬ ጀምሮ ሲቪል አያልፍም፣ እትዬ።»

ወረቀቴን ሰጠሁት። ከላይ እስከ ታች አነበበው። አጥፎ መለሰልኝ።

«ወረቀቱስ ደህና ነው። መንገዱ ነው የተዘጋው።»

ለመንኩት። ልጅቱን ገልጬ አሳየሁት። አለቀስኩ። እሱም ሊያለቅስ ደረሰ፤ ግን አላሳለፈኝም። ጋሻው የጦሩን ዱቄት ስለጫነ ያልፋል፤ እኔ አላልፍም። ለዱቄት ተፈቅዶ ለሰው ሲከለከል! ደሳለኝን አግኝቶ ሁሉን እንዲነግረው አደራ አልኩት፤ ስንቁንም ሰጠሁት።

ወደ ላይ የሚመለስ መኪና እስካገኝ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የሚመለሰውም ደግሞ ቆመ። ሸራ የለበሱ የጦር መኪናዎች ከታች ቀስ እያሉ ይመጣሉ፤ እነሱ እስኪያልፉ ማንም አይንቀሳቀስም ተባለ። ቀስ ማለታቸው! የእንቁላል ጭነት ይመስል። ልጅቱ በሙቀቱ ታለቅሳለች፣ አቧራቸው ፊታችን ላይ ይፈሳል። ስረግማቸው ቆየሁ። እስከ መጨረሻው መኪና ረገምኳቸው።

እማማ በሩ ላይ ሲያዩኝ «እሰይ! እሰይ የኔ ጌታ!» አሉ። እሳቸውን ምን ላድርጋቸው? ከሳቸው ጋር አልበላም ብዬ ተኛሁ።

እሑድ፣ መጋቢት 5

አቦ ነው ዛሬ። ሰው ሁሉ ሄዷል። እኔ ሰማንያዬ ስላልደረሰ ቤተ ክርስቲያን አልገባም። ግቢ ተቀምጬ ቅዳሴውን ሰማሁ። ለአቦ ከዚሁ ሆኜ ነገርኳቸው፦ አንድ ቀን ብቻ። አንድ ቀን ይየኝና ይያት። ሌላ አልጠየቅኩም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 7

ጋሻው ተመለሰ። የመኪናውን ጥሩምባ ሰምቼ እስክወጣ እማማ ቀድመውኝ በጓሮ በኩል ወጥተዋል። ከመኪናው ኋላ ቆመው ያወራሉ። ስጠጋ ዝም አሉ።

«አላገኘሁትም» አለኝ። «ጦሩ ተንቀሳቅሷል።»

«ወዴት?»

«ወታደር ወዴት እንደሄደ ይነገራል እንዴ?»

«ስንቁንስ?»

«ለጓደኞቹ ሰጠኋቸው።»

ግባ አልኩት፤ ቸኩያለሁ አለ። ጠላ አለ አልኩት፤ ጾም ነው አለ። ጠላ ከመቼ ወዲህ ነው በጾም የተከለከለው? ልጅቱን ብድግ አድርጌ «ሳማት እንጂ» ስለው ጉንጯን ነካ አደረገና ዞሮ ወደ መኪናው ሄደ።

እማማ ራሴን አመመኝ ብለው ተኙ። እኔ ቤት ከመጡ ጀምሮ በቀን ሲተኙ አይቻቸው አላውቅም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 9

ምንድን ነው ነገሩ? ትናንት ዘነበች ሽሮ ይዛ መጣች። ዛሬ ጠዋት የአጥር ጎረቤታችን ተልባ ይዛ መጣች። ከሰዓት ሌላዋ ሱፍ ፍትፍት። የአራስ ጥየቃ ካለፈ ስንት ጊዜው! «ምን ተገኘ?» አልኳት ዘነበችን። «አንቺ ደግሞ፣ ለሰው ደግነትም ምክንያት ትጠይቂያለሽ» አለችኝ። እየሳቀች ነው የምትናገረው፤ ግን ዓይኗ አይስቅም።

ሬዲዮኑ ጠፍቷል። እማማ ባትሪው አልቋል፣ ለዘነበች ባል ሰጥቼዋለሁ አሉ። ባትሪውን የገዛሁት እኔ፣ ባለፈው ሳምንት።

እማማ በየማለዳው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ሲመለሱ ዓይናቸው አብጦ ነው። «ምን ሆኑ?» ስላቸው «ጭሱ ነው» አሉ። እሳት አልነደደም።

ዓርብ፣ መጋቢት 10

ገባኝ።

አራስ መርዶ አይነገራትም። ትደነግጣለች፣ ወተቷ ይደርቃል፣ ሕፃኑ ይጎዳል። ክርስትናው እስኪያልፍ ሁሉም ሆዱን ችሎ ይቆያል። ከዚያ በኋላ አንድ ማለዳ፣ ገና ሳይነጋጋ፣ ሽማግሌና ቄስ መጥተው ያረዷታል። ይህን ማን አይደብቅም? አምና ዘነበች አራስ ሳለች ወንድሟ ሲሞት እኔም ከደባቂዎቹ አንዷ ነበርኩ። ሽሮ ይዤ ሄጃለሁ። ሬዲዮኗን ተውሻለሁ። ስቄላታለሁ።

ደሳለኝ ሞቷል።

ጻፍኩት። ስጽፈው ምንም አልሆንኩም። ልጅቱ አለቀሰች፣ አጠባኋት፤ ወተቱ አለ።

ደግሞ አስባለሁ። እናት ናቸው እኮ እማማ። ልጃቸው ሞቶ አጥሚት ማማሰል ይችላሉ? አይችሉም እላለሁ። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ ይችላሉ እላለሁ፤ ለልጅ ልጃቸው ሲሉ ይችላሉ። ያን ሁሉ ገደል ለሷ ሲሉ አይደል የመጡት?

መጠየቅ ፈራሁ። ካልጠየቅኩ አይነግሩኝም። ካልነገሩኝ እስከ ክርስትናው ድረስ ባል አለኝ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 11

የነፍስ አባቴ መምሬ ፈንቴ ሊጠይቁኝ መጡ። እማማ ውኃ ልቅዳ ብለው ሲወጡ መስቀላቸውን ያዝኩባቸው።

«አባቴ፣ ደሳለኝ አለ? አለ ይበሉኝ፤ ሌላ አልጠይቅዎትም።»

መስቀሉን ቀስ ብለው ከእጄ አወጡ።

«ሁላችንም በእግዚአብሔር እጅ ነን፣ ልጄ። ልጅሽን አጥቢ።»

«በመስቀሉ ይማሉልኝ።»

«ካህን አይምልም።»

ይህ መልስ ነው እንዴ? ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ እኔን ግን እያጸለየ ነው የወሰደኝ። ሲወጡ ከእማማ ጋር ደጃፉ ላይ ተንሾካሾኩ። «እስካሁን ምንም?» ሲሉ ሰማኋቸው። «ምንም» አሉ እማማ።

ምንም ማለት ምንድን ነው? አስከሬኑን ነው የሚጠብቁት? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ። ግን ልጅቱስ?

እሑድ፣ መጋቢት 12

ቀኑን ሙሉ ልብስ አጠብኩ። ያላደፈውንም አጠብኩ። የደሳለኝን ሸሚዝ ሳሰጣ እማማ መጥተው ከእጄ ወሰዱት። እሳቸው አሰጡት። ልናገር አፌን ስከፍት «ነፋስ ነው፣ ግቢ» አሉኝ።

ሰኞ፣ መጋቢት 13

ከምን ልጀምር? ድምፄ ተዘግቷል፤ ጉሮሮዬ ቆስሏል። ልጻፍ እንጂ መናገርስ አልችልም።

ማለዳ፣ ገና ሳይነጋጋ፣ በሩ ተንኳኳ። እማማ ጓሮ ነበሩ። ከፈትኩ። መምሬ ፈንቴ ቆመዋል፣ መቋሚያቸውን ይዘው። ከኋላቸው ጋሻው። ከሱ ኋላ የዘነበች ባል፣ ጋቢውን ተከናንቦ። ዘነበችም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ።

ሌላ ምን ልበል? በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አኳኋን፣ ሌላ ለምን ይመጣል ሰው?

መምሬ «ልጄ» ሲሉ አላስጨረስኳቸውም። ጮኽኩ። ነጠላዬን ቀደድኩ፣ መሬት ወደቅኩ። ጩኸቴን ሰምተው እማማ ከጓሮ እየሮጡ መጡ። እኔ ስጮህ ሲያዩ፣ እነሱም ቆመው ሲያዩ፣ «ልጄን! ልጄን!» ብለው ደረታቸውን ደቁ። ያን ጊዜ ሰፈሩ ወጣ። ሴቱ ሁሉ እየጮኸ ግቢውን ሞላው። መምሬ መቋሚያቸውን መሬት እየመቱ ይናገራሉ፤ ማን ይሰማል? አፋቸው ሲከፈትና ሲዘጋ አያለሁ፤ ፍትሐት የጀመሩ ነው የመሰለኝ። በመጨረሻ ጋሻው ትከሻዬን ይዞ ፊቴ ላይ ጮኸ፦

«አልሞተም! አንቺ ሴት፣ አልሞተም! በሕይወት አለ!»

«ታዲያ በዚህ ሰዓት ምን ልታደርጉ መጣችሁ?»

«የጎንደር አውቶቡስ የሚነሳው በዚህ ሰዓት ነዋ! ልናሳፍርሽ ነው!»

ወይ ጉድ! ወይ የኔ ነገር! ግቢው ዝም አለ። አንዲት ከታች ሰፈር የመጣች ሴትዮ ብቻ ማቆም አቅቷት ለብቻዋ ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ እማማ መሬት ተቀምጠው መሳቅ ጀመሩ። ሳቃቸው ወደ ልቅሶ ዞረ። እኔ አቀፍኳቸው፣ እሳቸው አቀፉኝ። አውቶቡሱ ጥሎን ሄደ።

ቀስ ብለው ነገሩኝ። ደሳለኝ ቆስሏል። መልእክቱን ለጋሻው ከሰጠ በኋላ ፈንጂ ነው ያገኘው። ጎንደር ሆስፒታል ተኝቷል። ጋሻው ማክሰኞ ዕለት መቁሰሉን ለእማማ ነገራቸው፤ ከሳቸውም መምሬና ጎረቤቱ፣ ከኔ በቀር ሁሉም ሰማ፤ መትረፉን ግን ማንም አያውቅም ነበር፤ «እስካሁን ምንም?» የሚባባሉት ለዚያ ነው። ትናንት ማታ ጋሻው ከጎንደር ሲመጣ አይቶት መጣ። አፉን ፈቷል። እኔን ጠይቋል።

«መቼ ነው ጎንደር የመጣው?» አልኩ።

«የዚያን ቅዳሜ። ከሽሬ ያመጧቸው በጦሩ መኪና ነው።»

ሸራ የለበሱት መኪናዎች። ቀስ ያሉት ለዚያ ነው፣ ቁስለኛ ጭነው። እኔ ልጁን ታቅፌ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ በአጠገቤ አለፈ። ስረግም አለፈ።

ይህን ለማንም አልነገርኩም። ለነፍስ አባቴ እነግራቸዋለሁ፤ ዛሬ ግን አልቻልኩም።

«ምኑን ነው የቆሰለው?» ስለው ጋሻው «ፊቱን ነው፤ ትንሽ» አለና ጫማውን አየ። ትንሽ ከሆነ ለምን ጫማህን ታያለህ? አልጠየቅኩትም። ነገ እሄዳለሁ። እማማም ይሄዳሉ። ሰማንያው አልሞላም ያለ ሰው የለም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 14፣ ጎንደር

ሆስፒታሉ ግቢ፣ ዛፍ ሥር። ልጅቱ ተኝታለች። እማማ ውስጥ፣ ከሱ ጋር ናቸው።

ዳባት ላይ ጎማ ተነፈሰ። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ሻይ ሲጠጣ እማማ ከመቀመጫቸው አልተነሱም። ሻይ ይዤላቸው ስገባ መስኮቱ ላይ ተደግፈው እያለቀሱ አገኘኋቸው። ያን ሁሉ ቀን ያጠራቀሙት ነው። ቤት ውስጥ ከጭስ ሌላ ምክንያት አልነበራቸውም። «በረሃብ አንጀቴ ያሳደግሁት ልጄ» ይላሉ ብቻ። እኔ ደግሞ በነዚያ ቀናት ምን ያላሰብኩባቸው ነገር አለ! እግራቸው ሥር ተቀምጬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። «ተነሺ፣ አራስ መሬት አትቀመጥም» አሉኝ።

ጎንደር የገባነው ሰዎች ምሳ በልተው ሲወጡ ነው። የቁስለኞቹ ክፍል ረጅም ነው፣ አልጋ በአልጋ። ዓይኔ እያንዳንዱን ፊት እያየ አለፈ። ሁለት ጊዜ ወደ ኋላና ወደ ፊት ሄድኩ፤ አጣሁት። ያወቁት እናቱ ናቸው። በእጁ አወቁት፤ በአናጢ እጁ። ፊቱ ከግንባሩ እስከ አፍንጫው በፋሻ ተጠቅልሏል። ሁለቱም ዓይኑ።

ትንሽ ብሎኛል ጋሻው።

ልጅቱ ስታለቅስ አንገቱን ወደኛ አዞረ። «እሷ ናት?» አለ። ድምፁ ያው ነው፤ ምንም አልሆነም ድምፁ። ደረቱ ላይ አስቀመጥኳትና እጁን ወስጄ አስያዝኩት። ራሷን ዳሰሰ። ጆሮዋን። አፍንጫዋን በሁለት ጣት ያዝ አደረገ። ትንሿን እግሯን መዳፉ ውስጥ አስገብቶ ቆየ።

«ማንን ትመስላለች?» አለኝ።

መልስ አጥቼ አላውቅም እኔ። ለወረዳ ጸሐፊ፣ ለኬላ ወታደር፣ ለእማማ፣ ለማንም አለኝ። ለዚህ አጣሁ። ቆይ ራስህ ታያታለህ ልለው አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣም። እማማ ናቸው «ቁርጥ አንተን» ያሉት።

ልጅቱ ግን ማልቀሷን ትታ አየችው። ፋሻውን፣ አፉን፣ ጺሙን፤ ዓይኗን ሳትነቅል አየችው። እሷ አባቷን አየችው።

ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ያዝኩት። አንደኛው ዓይኑ የለም አለኝ። ሌላኛው ሐሙስ ፋሻው ሲፈታ ይታወቃል። «ተስፋ አለው?» አልኩት። «ሐሙስ እናያለን» አለ። ደሳለኝ ይህን አላወቀም፤ እማማም አላወቁም። እስከ ሐሙስ የምደብቀው እኔ ነኝ።

ልጅቱ ነቃች። ላጥባትና እንግባ።